ዝግጁ ቃልና አዲስ ቃል፦ ከስትሮክ በኋላ ስለሚደረግ የንግግር ሕክምናና ስለ አንጎል ሥራ

1. መግቢያ

በሥነ ጽሑፍ ንድፈ ሐሳብ ትምህርት የሮማን ያኮብሰንን ስም ሳይሰማ የሚያልፍ ተማሪ ጥቂት ነው። ተለዋጭ ዘይቤና ሜቶኒሚ ሁለቱ የቋንቋ ዋልታዎች መሆናቸውን፣ ግጥም ወደ መጀመሪያው፣ ዝርው ጽሑፍ ደግሞ ወደ ሁለተኛው እንደሚያዘነብል እናስተምራለን፤ ተማሪዎችም ይህንኑ በፈተና ወረቀታቸው ላይ መልሰው ይጽፉልናል። ሐሳቡ ከየት እንደመነጨ ግን ብዙ ጊዜ አናነሣም። ያኮብሰን እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው ጽሑፍ ሐሳቡን ሲያቀርብ መነሻ ያደረገው አንጎላቸው ተጎድቶ ንግግራቸው የተናጋባቸውን ሰዎች አነጋገር ነበር። እኛ ዘይቤውን ወሰድን፤ በሽተኛውን ግን እዚያው ተውነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ወደተተወው በሽተኛ መመለስ ነው። በተለይም ሁለት ጥያቄዎችን እመረምራለሁ። አንደኛ፣ በስትሮክ ንግግሩን ያጣ ሰው በንግግር ሕክምና ሲረዳ በአንጎሉ ውስጥ ምን ይካሄዳል? ሁለተኛ፣ ይህን ማወቁ ስለ ግጥም፣ ስለ ምትና ስለ ቃል ሀብት ለሚያጠና ሰው ምን ይጠቅመዋል? እኔ የሥነ ጽሑፍ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ስለሆነም ስለ መድኃኒትም ሆነ ስለ ቀዶ ሕክምና የምለው የለኝም፤ የማተኩረው ቋንቋ በሚታይበት ጎን ላይ ብቻ ይሆናል።

2. አፌዚያ ምን ያጠፋል፣ ምን ይተዋል?

ስትሮክ የሚባለው ወደ አንጎል ደም የሚወስድ ቧንቧ ሲዘጋ ወይም ሲፈስስ የሚደርስ ጉዳት ነው። ደም ያልደረሰው የአንጎል ክፍል በደቂቃዎች ውስጥ መሞት ይጀምራል። በስትሮክ ከሚመቱ ሰዎች መካከል ከሦስቱ አንዱ ገደማ የቋንቋ ችግር ይገጥመዋል፤ ይህም አፌዚያ በመባል ይታወቃል። አፌዚያ የምላስ ወይም የከንፈር ሽባነት አይደለም። ሰውየው ድምፅ ሊያወጣ፣ ሊስቅ፣ ሊያለቅስ ይችላል፤ የተቸገረው ቃል በማግኘት፣ ቃላትን በማቀናጀት ወይም የሌላውን ንግግር በመረዳት ነው።

ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ እ.ኤ.አ. በ1861 «ታን» ከማለት በስተቀር ምንም ሊናገር የማይችል ሕመምተኛ አጋጠመው። ሰውየው ሲሞት አንጎሉን መርምሮ ጉዳቱን በግራው የፊት ክፍል ላይ አገኘው። ጀርመናዊው ካርል ቬርኒከ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1874 ከዚያ ወደ ኋላ ባለው፣ በጆሮ አካባቢ በሚገኘው የግራ ክፍል ላይ ጉዳት የደረሰባቸውን ሰዎች ገለጸ፤ እነዚህ ብዙ ይናገራሉ፣ ነገር ግን ንግግራቸው ውል የለውም፣ የሌላውንም ቃል መረዳት ይሳናቸዋል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የብሮካና የቬርኒከ ቦታዎች በመማሪያ መጻሕፍት የቋንቋ ሁለት መኖሪያዎች ተደርገው ሲሳሉ ቆይተዋል። ዛሬ እንደሚታወቀው ግን ቋንቋ በሁለት ጎጆ የታጠረ አይደለም፤ ብዙ ቦታዎችንና እነርሱን የሚያገናኙትን የነርቭ መስመሮች ያካተተ መረብ ነው።

እዚህ ላይ መያዝ ያለበት ዋና ነገር ቃል ጠፋ ማለት አእምሮ ጠፋ ማለት አለመሆኑ ነው። ለዚህ ከሥነ ጽሑፍ ዓለም የስዊድናዊው ገጣሚ የቶማስ ትራንስትሮመር ታሪክ ጥሩ አስረጅ ነው። ትራንስትሮመር በሙያው የሥነ ልቡና ባለሙያም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 በስትሮክ ተመትቶ ቀኝ ጎኑ ሽባ ሆነ፤ አብዛኛውን ንግግሩንም አጣ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1996 አንድ የግጥም መድበል፣ በ2004 ደግሞ በአመዛኙ ሃይኩ የሚባሉትን አጫጭር ግጥሞች የያዘ ሌላ መድበል አሳተመ፤ በግራ እጁም ፒያኖ ይጫወት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማትን ሲቀበል ንግግር ሊያደርግ አልቻለም። ይህን ሰው በአፉ ብቻ የመዘነ ሁሉ ይሳሳት ነበር።

3. ያኮብሰን ያየው

ያኮብሰን እንደሚለው ተናጋሪ ሁለት ሥራዎችን በአንድ ላይ ይሠራል። ከሚመሳሰሉ ቃላት መካከል አንዱን ይመርጣል፤ የመረጠውንም ከጎኑ ካለው ጋር ያያይዛል። በመሆኑም አፌዚያ ሁለት መልክ ሊኖረው ይችላል። መምረጥ የተሳነው ሰው የነገሩን ስም ትቶ በአጠገቡ ባለው ነገር ወይም በአገልግሎቱ ይጠራዋል። ያኮብሰን ከሌሎች ምርምር ወስዶ የጠቀሳት አንዲት ሕመምተኛ ቢላ የሚለውን ቃል ለብቻው ማውጣት አልቻለችም፤ እንደ አጋጣሚው እርሳስ መቅረጫ ወይም ፖም መላጫ ትለው ነበር። ማያያዝ የተሳነው ሰው ግን ቃላቱ አሉት፣ ሰዋስው ይጎድለዋል፤ ንግግሩም እንደ ቴሌግራም የተቆራረጠ ይሆናል። የመጀመሪያው ወደ ሜቶኒሚ፣ ሁለተኛው ወደ ተለዋጭ ዘይቤ ይጠጋል የሚለው መደምደሚያ የመጣው ከዚህ ነው።

ይህ ክፍፍል የቋንቋን ባሕርይ ለመግለጽ እስካሁን ይጠቅማል። እንደ አንጎል ካርታ ከተወሰደ ግን አያስኬድም፤ ብዙ ሕመምተኞች ሁለቱንም ችግር በየመጠኑ ይዘው ይታያሉና። ያም ሆኖ ሐኪሞች ዛሬ የሚሠሩባቸው ዘዴዎች የያኮብሰንን ሁለት መንገዶች ያስታውሳሉ። ለምሳሌ ማንኪያ የሚለው ቃል የጠፋበትን ሰው ባለሙያው «ምን ይሠራበታል? የት ይቀመጣል? ከምን ጋር ይቀርባል? ምንን ይመስላል?» እያለ ይጠይቀዋል። ይህ ቃሉን በጎረቤቶቹና በመሰሎቹ በኩል የመፈለግ ዘዴ ነው። ሌላው ዘዴ «ማ…» ብሎ መጀመሪያውን ድምፅ አቀብሎ ቀሪውን ለሕመምተኛው መተው ነው። አንደኛው ከትርጉም፣ ሁለተኛው ከድምፅ ተነሥቶ ወደ አንድ ቃል ይደርሳል።

4. ዝግጁ ንግግርና የሚቀናበር ንግግር

ያኮብሰን ብዙ ያልሄደበት፣ ለሥነ ጽሑፍ ሰው ግን ይበልጥ የሚቀርብ ሌላ ክፍፍል አለ። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ሂውሊንግስ ጃክሰን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ እንዳስተዋለው፣ አንዲት አዲስ ዓረፍተ ነገር መሥራት የማይችል ሕመምተኛ ሰላምታ ሊሰጥ፣ ሊረግም፣ ሊምል፣ ቁጥር ሊቆጥር፣ ጸሎት ሊያደርስ ይችላል። እኔ የመጀመሪያውን «የሚቀናበር ንግግር»፣ ሁለተኛውን «ዝግጁ ንግግር» እላቸዋለሁ። የሚቀናበረው በየጊዜው ከቃላትና ከሰዋስው አዲስ ይሠራል፤ ዝግጁው ግን በልማድ ተጠቅልሎ እንደ አንድ ቃል የተቀመጠ ነው።

ራሴላስን የጻፈው ሳሙኤል ጆንሰን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ትቶልናል። ድርሰቱን ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ ስለተረጎሙት ጆንሰን ለእኛ ተማሪዎች እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1783፣ በ73 ዓመቱ፣ ሌሊት ላይ ስትሮክ መታው። ለወዳጆቹ በጻፈው ደብዳቤ እንደገለጸው፣ አእምሮው እንዳይጎዳ ፈርቶ እግዚአብሔር ማስተዋሉን እንዲያቆይለት ለመነ፤ አእምሮውን ለመፈተንም ልመናውን በላቲን ግጥም አድርጎ አቀናበረው። ስንኞቹ በጣም ጥሩ እንዳልሆኑ ገባው፤ ጥሩ አለመሆናቸው ስለገባውም አእምሮው እንዳልተነካ ተረዳ። ንግግሩ ግን ሄዶ ነበር። ለመጻፍ ሲሞክርም እጁ ያላሰበውን ፊደል ይጽፍ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ድምፁ መመለስ ሲጀምር መሻሻሉን የለካው የጌታን ጸሎት በመድገም ነው። ልብ እንበል፦ ግጥም ማቀናበሩ የአእምሮው መፈተኛ፣ ጸሎት መድገሙ የአፉ መለኪያ ሆኑ። ሁለቱ ፈተናዎች አንድ ዓይነት አይደሉም።

ይህን ልዩነት አለማወቅ በቤተሰብ ላይ የሚያደርሰውን ችግር በቅርብ አይቻለሁ። የቤተ ክህነት ትምህርት የነበራቸው አንድ አጎቴ በስትሮክ ከተመቱ በኋላ ዳዊታቸውን በቃላቸው ይደግሙ ነበር፤ ውኃ ሲጠማቸው ግን «ውኃ» ማለት አቃታቸው። ከቤተሰቡ ከፊሉ «ዳዊት የሚደግም ሰው ውኃ ማለት እንዴት ያቅተዋል? አኩርፈው ነው እንጂ» ይሉ ነበር። ሌሎቹ ደግሞ ዳዊት መድገማቸውን አይተው ድነዋል ብለው ተስፋ አደረጉ። ሁለቱም ግምቶች ልክ አልነበሩም። አጎቴ አላኮረፉም፤ አልዳኑምም። የቀራቸው ዝግጁው ንግግር ነበር፤ የጎደላቸው ደግሞ የሚቀናበረው።

5. ሕክምናው በአንጎል ውስጥ ምን ያደርጋል?

እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ኤፍ.ኤም.አር.አይ. የተባለው የምስል መሣሪያ የሕያውን ሰው አንጎል በሥራ ላይ ሳለ ለማጥናት አስችሏል። መሣሪያው ሐሳብን አያነብም። አንድ የአንጎል ክፍል ሲሠራ ወደዚያ የሚሄደው ኦክስጅን የያዘ ደም ይጨምራል፤ የሚመዘገበው ይህ የደም ለውጥ ነው፤ እርሱም ከሥራው ጥቂት ሴኮንዶች ዘግይቶ ይመጣል። በመሆኑም በምስሉ ላይ ቀልቶ የሚታየውን ቦታ «ቃሉ የሚኖርበት ቤት» አድርጎ መውሰድ አይገባም።

በጀርመን ዶሮቴያ ዛውርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ በግራ በኩል የተጎዱ 14 ሕመምተኞችን ዓረፍተ ነገር እያዳመጡ ሦስት ጊዜ አጥንተዋቸዋል፤ በአማካይ ስትሮኩ በደረሰ በ2ኛው ቀን፣ በ12ኛው ቀንና ከ10 ወራት በኋላ። በመጀመሪያ ላይ በግራው ክፍል ያልሞተው አካባቢ እንኳ እምብዛም አይሠራም ነበር። በሁለተኛው ምርመራ በሁለቱም ጎኖች ያለው የቋንቋ መረብ ተነቃቃ፤ በተለይም በቀኝ በኩል ያለው የብሮካ ቦታ አቻ ጎልቶ ታየ፤ የሕመምተኞቹም ቋንቋ ተሻሻለ። በመጨረሻው ምርመራ ሥራው ወደ ግራው ክፍል ተመልሶ ተገኘ። ይህንኑ በምሳሌ ለማስረዳት፣ ቤቱ የፈረሰበት ሰው ለጊዜው ጎረቤት ያስጠጋዋል፤ ከፍርስራሹ የተረፈ ግድግዳ ካለ ግን ወደዚያው ተመልሶ ያድሳል። ግድግዳው ጨርሶ የወደመበት ከጎረቤት ጋር መኖሩን ይቀጥላል። ጥናቶች በአጠቃላይ እንደሚያመለክቱትም፣ ከጉዳቱ ዙሪያ የተረፈው የግራ ክፍል ሥራውን መልሶ ሲይዝ ማገገሙ የተሻለ ይሆናል፤ የቀኙ ድርሻ ጉዳቱ ሰፊ በሆነ ጊዜ ይጎላል።

እንግዲህ ዜማና ግጥም እዚህ ላይ ይገባሉ። መናገር ያልቻሉ አንዳንድ ሕመምተኞች የሚያውቁትን ዘፈን ከነቃሉ መዝፈን እንደሚችሉ ከጥንት ጀምሮ ታይቷል። ይህን መሠረት በማድረግ የቦስተን ባለሙያዎች ማርቲን አልበርት፣ ሮበርት ስፓርክስና ናንሲ ሄልም እ.ኤ.አ. በ1973 በዜማ የሚሰጥ የንግግር ሕክምና ማዘጋጀታቸውን አሳወቁ። በዚህ ዘዴ ሕመምተኛው አንድን አጭር ዐረፍተ ነገር ከፍና ዝቅ በሚሉ ሁለት ድምፆች እያዜመ፣ በግራ እጁም ምቱን እየመታ ይለማመዳል፤ ከዚያም ዜማው ቀስ በቀስ ይቀነስና ንግግር ብቻ ይቀራል። የሐሳቡ መነሻ፣ ዜማ የቀኙን አንጎል ስለሚያሠራ የቀኙ የግራውን ሥራ ይረከባል የሚል ነበር።

የኋላ ምርምር ነገሩን አወሳሰበው። እ.ኤ.አ. በ1996 ፓስካል ቤሊንና ባልደረቦቹ በዚህ ዘዴ የታከሙ 7 ሰዎችን አጥንተው፣ ቃላትን በዜማ ሲደግሙ ይበልጥ የሠራው በግራ በኩል ያለው የብሮካ አካባቢ መሆኑን ገለጹ። በአንጻሩ ጎትፍሪድ ሽላውግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 በ6 ሕመምተኞች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ከረዥም ሕክምና በኋላ በቀኝ በኩል የፊቱንና የጎኑን የቋንቋ ክፍሎች የሚያገናኘው የነርቭ መስመር ጨምሮ ተገኘ። ሁለቱም ጥናቶች ትንንሽ ናቸው፤ ሕመምተኞቹና የተለካው ነገርም ይለያያሉ።

ለእኛ ይበልጥ ትምህርት የሚሰጠው የቤንያሚን ሽታልና የባልደረቦቹ ሥራ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት 17 ሕመምተኞች አንድን ጽሑፍ በዜማ፣ በምት ብቻና ያለ ምት እንዲያሰሙ ተደረገ። መዝፈን በምት ከመናገር የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። ይበልጥ የረዱት ሁለት ነገሮች ነበሩ፦ አንዱ ምቱ፣ ሌላው ቃሉ የታወቀና በልማድ የተያዘ መሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ በ15 ሕመምተኞች ላይ ለ6 ሳምንት ሕክምናዎችን አነጻጸሩ። በዜማም ሆነ በምት የተለማመዱት ሰዎች ዝግጁ ሐረጎችን በመናገር በጣም ተሻሻሉ፤ የተለመደውን የንግግር ሕክምና የተከታተሉት ደግሞ ዝግጁ ያልሆነውን ንግግር በማውጣት ተሻሻሉ። ተመራማሪዎቹ ይህን የሁለት የማገገሚያ መንገዶች ምልክት አድርገው ተረጎሙት፤ ዝግጁው ንግግር በቀኙ ክፍል ላይ ይበልጥ ሲደገፍ፣ የሚቀናበረው ከግራው የተረፈውን ይፈልጋል ማለት ነው።

ከዚህ የምንረዳው ዘፈንና ጸሎት በር መክፈታቸውን፣ ቤት መሥራት ግን ሌላ ድካም መጠየቁን ነው። ያ ድካም ደግሞ ከንቱ አይደለም። በካተሪና ብራይተንሽታይን መሪነት በጀርመን 19 ማዕከላት የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ጥናት ስትሮክ ከመታቸው 6 ወርና ከዚያ በላይ የሆናቸውን 156 ሰዎች ያካተተ ነበር። ለ3 ሳምንት፣ በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት የታከሙት በዕለት ተዕለት የቃል ግንኙነት ሲሻሻሉ፣ በዚያው ጊዜ ተራቸውን ይጠብቁ የነበሩት አልተሻሻሉም። ስድስት ወር ካለፈ ወዲህ ተስፋ የለም የሚለው አስተሳሰብ በዚህ ተረቷል።

6. የአማርኛ ጉዳይ

ከላይ የጠቀስኳቸው ጥናቶች በእንግሊዝኛ፣ በጀርመንኛና በፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ላይ የተደረጉ ናቸው። መልመጃዎቻቸውን ተርጉሞ ለአማርኛ ተናጋሪ መስጠት በቂ ነውን? በሦስት ምክንያቶች በቂ አይመስለኝም።

አንደኛው ምክንያት ግሱ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው የግሱ ቅጥያ ቢጠፋበት የቀረው ራሱ ቃል ነው። በአማርኛ ግን ከ«ሰበረ» አናባቢዎቹን ብናወጣ የሚቀሩት ስ-ብ-ር የሚሉ ሊነገሩ የማይችሉ ተነባቢዎች ናቸው። በዕብራይስጥ ተናጋሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ሰዋስው የተናጋበት ሰው ቅርጹን ጥሎ ሥሩን ብቻ አይናገርም፤ አንዱን ቅርጽ በሌላው ይተካዋል። አማርኛም የዚሁ ቤተሰብ በመሆኑ ተመሳሳይ ነገር መጠበቅ ይቻላል፦ «ሰበርኩ» ለማለት አስቦ «ተሰበረ» የሚል ሰው። በተጨማሪም የአማርኛ ግስ በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ተቀምጦ ባለቤትን፣ ተሳቢን፣ ጊዜንና አሉታን ይሸከማል። «አልነገርኩህም» አንድ ቃል ነው፤ ለሕመምተኛው ግን አቀበት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ምቱ ነው። የቦስተኑ ዘዴ ከፍ ያለውን ድምፅ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ጠብቆ ለሚነገረው ቀለም ነው። በአማርኛ እንዲህ ያለው የቀለም ጫና ደካማ ነው። የግጥማችን ምት የሚቆመው በቀለማት ቁጥርና በሐረግ ዕረፍት ላይ ነው፤ የወል ቤት ስንኝ በስድስት ስድስት ቀለማት ለሁለት ተከፍሎ እንደሚነበብ ማለት ነው። እንግዲህ ለአማርኛ ተናጋሪ የሚዘጋጅ የምት መልመጃ በዚህ ላይ መመሥረት ይኖርበታል የሚል ግምት አለኝ። ግምቱን በተግባር መፈተን ያስፈልጋል፤ ለመፈተን ግን ሥነ ግጥሙን የሚያውቅ ሰው ከባለሙያው ጎን መቀመጥ አለበት።

ሦስተኛው ምክንያት ባህሉ ነው። ጀበናና ምጣድ እያወቀ ለኖረ ሰው ሊለይ የማይችለውን የባዕድ ዕቃ ሥዕል አሳይቶ ስሙን መጠየቅ የአንጎልን ጉዳት አይለካም። የሰባ ዓመት ሽማግሌን «አንተ» እያሉ እንደ ሕፃን ማስቆጠርም ከመናገር ይልቅ ዝም ማለትን ያስመርጣል። በአንጻሩ ለመነሻ የሚሆን የዝግጁ ንግግር ሀብት አለን። «እንደምን አደሩ?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለው መልስ ሳይታሰብ ይመጣል፤ «ድር ቢያብር» ብሎ ላቆመ ሰው «አንበሳ ያስር» ብሎ የማይሞላ አማርኛ ተናጋሪ አይገኝም። ይሁን እንጂ እዚያ ላይ መቆም አይገባም። «አንበሳ ያስር» ያለ ሕመምተኛ «አንበሳ» የሚለውን ቃል ብቻውን፣ ቀጥሎም ሥዕሉን አይቶ፣ በመጨረሻም በራሱ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እንዲያወጣው ደረጃ በደረጃ መታገዝ አለበት። የታወቀው ቃል መሰላል ሆኖ የሚያገለግለው እንዲህ ሲሆን ነው።

7. ማጠቃለያ

በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት እንደሞከርኩት፣ ከስትሮክ በኋላ የሚመለሰው ንግግር አንድ ወጥ አይደለም። በቃል የተያዘው ጸሎት፣ ዘፈንና ሰላምታ ብዙ ጊዜ ይተርፋል ወይም ቀድሞ ይመለሳል፤ አዲስ የሚቀናበረው ቃል ግን ረዥምና የተጠናከረ ልምምድ ይጠይቃል። አንጎልም ይህን ልምምድ ተከትሎ ሥራውን በተረፉት ክፍሎች መካከል ያደላድላል። ስለዚህ ዳዊት የሚደግመውን ሕመምተኛ ቤተሰቡ «አኩርፏል» ብሎ እንዳይተወው፣ «ድኗል» ብሎም ልምምዱን እንዳያስቆመው ማስረዳት ያስፈልጋል። «ሻይ ነው ወይስ ውኃ የሚፈልጉት?» ብሎ ጠይቆ፣ መልሱን ከአፍ ሳይነጥቁ መታገሥ የማንኛውም ቤተሰብ አቅም ነው።

የእኛም የሙያ ድርሻ ግልጽ ይመስለኛል። ተማሪዎቻችን ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ተረትና ምሳሌ ይሰበስባሉ፤ የስንኝ ምት ይቆጥራሉ፤ ሰላምታንና ምርቃትን ይመዘግባሉ። ይህ ሁሉ ተሰብስቦ በመደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ከእነዚህ መካከል ሽማግሌውም ወጣቱም፣ ከተሜውም ባላገሩም በእርግጥ በአፉ የያዛቸውን ለይቶ፣ ከቀላል ወደ ከባድ ደርድሮ፣ በሥዕል አስደግፎ ለንግግር ሕክምና ባለሙያዎች ማቅረብ ለአንድ ተማሪ የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ የሚበቃ ሥራ ነው። ያኮብሰን ከሕመምተኞች አነጋገር ተነሥቶ ለሥነ ጽሑፍ አንድ ንድፈ ሐሳብ አበርክቷል። ከሥነ ጽሑፍ ወደ ሕመምተኛው የሚሄደውን ደግሞ ማዘጋጀት የእኛ ፈንታ ነው።